ያቺ እናት ከተራዊህ ለምን ቀረች?

 

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሶላት ሲጀምሩ ሊያስረዝሙት አስበው ሳለ የሕፃን ለቅሶ ከሰሙ ያሳጥሩት እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። የእናቲቱ ልብ እንዳይጨነቅ ብለው ነው። ሕፃኑን አላስወጡም፤ እናቲቱንም አልገሠጿትም። ያሳጠሩት ሶላታቸውን ነው።

ዛሬ በየመስጂዳችን የምናየውን ከዚህ ጋር እናስተያየው። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ የምታሳድግ እናት በረመዳን መግቢያ ተራዊህ ትመጣለች፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሌሊት ትቀራለች። ልጁ ጮኾ ወይም በሶፍ መሐል ሮጦ ይሆናል። አንዷ ዞር ብላ ገላምጣታለች፤ ሌላዋ «ቤትሽ ብትሰግጂ አይሻልም?» ብላታለች። የኢፍጣር ጥሪም ቢሆን «እሷን እንኳ አናስቸግራት» እየተባለ ያልፋታል። ይህች እናት «ሰብር አድርጊ» የሚላት ሰው አላጣችም። ያጣችው ሸክሟን የሚጋራት ነው። ስለዚህ የዛሬው ምክሬ ለእሷ ሳይሆን ለእኛ ለጀመዓው ነው።

በመጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። የሰው ልጅ የሰውነት ሕዋስ 46 ክሮሞዞሞች አሉት። ዳውን ሲንድረም ባለበት ልጅ ግን 21ኛው ክሮሞዞም ሁለት መሆኑ ቀርቶ ሦስት ስለሚሆን፣ በአብዛኛው ጠቅላላው 47 ይሆናል። ይህን ፈረንሳዊው ሐኪም ዤሮም ለዠንና ባልደረቦቹ በ1959 እ.ኤ.አ. ይፋ አድርገዋል። የዓለም ዳውን ሲንድረም ቀን በማርች 21፣ በእኛ መጋቢት 12 ቀን የሚውለውም በዚሁ ምክንያት ነው። እናት ከ35 ዓመት ስታልፍ ዕድሉ ይጨምራል፤ ወጣት እናቶችም ግን ይወልዳሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከወላጅ የሚወረስ አይደለም። እናት በልታው ወይም ሠርታው የመጣ ነገር የለም። ጂን አይደለም፤ ቡዳም አይደለም። በማሕፀን የሚቀርጸን አላህ ነው ብለን የምናምን ሰዎች «ምን ሠርተው ይሆን?» ብለን ስናማ አንድም ሐሜት ውስጥ እንገባለን፤ አንድም በማናውቀው ነገር እንፈርዳለን። ልጁን «ጅል» ብሎ መጥራትም ሱረቱል ሑጁራት በመጥፎ ስም መጠራራትን ከከለከለችው ውስጥ ነው። አባቶችም ስሙኝ፤ ሚስትን መውቀስ፣ ብሎም ቤቱን ጥሎ መሄድ፣ ከአላህ ዘንድ የሚያስጠይቅ በደል ነው።

ቁርኣን መቅራትና ዱዓ ማድረግ መልካም ነው። ሐኪምን ግን አይተካም፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው አዘዋል። ከእነዚህ ልጆች ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ስለሚወለዱ፣ ልጁ ደህና ቢመስልም ልቡ በጊዜ መታየት አለበት። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ሕሙማን ሕፃናት የሚታከሙበት ማዕከል አለ። የታይሮይድ፣ የጆሮና የዐይን ምርመራም ያስፈልጋል። ጡንቻቸው የላላ በመሆኑ ጡት ለመጥባት፣ ለመቀመጥና ለመሄድ ይዘገያሉ፤ የአካል እንቅስቃሴና የንግግር ሕክምና ቶሎ ሲጀመርላቸው ግን ብዙ ያግዛቸዋል።

ልጇ ቀስ እያለ የሚጠባባት እናት «ጾሜን ባፈርስ ሰው ምን ይለኛል?» ብላ ልትጨነቅ አይገባም። አጥቢ እናት ለራሷ ወይም ለልጇ ከፈራች ማፍጠር ተፈቅዶላታል፤ በሌላ ጊዜ ቀዷ ታወጣለች። አማትም ጎረቤትም ይህን ይወቁላት።

ዐይነ ስውሩን ሶሐባ ዐብደላህ ኢብን ኡሙ መክቱምን እናስታውስ። ሱረቱ ዐበሰ የወረደችው በእሳቸው ሰበብ ነው። በመዲና ቢላል ሌሊት አዛን ሲያደርጉ ሰው ሱሁሩን ይበላ ነበር፤ መብላት የሚያቆመው የኢብን ኡሙ መክቱም አዛን ሲሰማ ነው። ዐይነ ስውርነትና ዳውን ሲንድረም የተለያዩ ናቸው። ያ ጀመዓ ግን ለሁሉም ቦታ ነበረው፤ ከተማው ጾሙን የሚይዘው በአንድ ዐይነ ስውር ድምፅ ነበር።

ቦታ የመስጠቱ ሥራ ከቁርኣን ቤት ይጀምራል። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ከሚሰሙት ይልቅ የሚያዩትን ቶሎ ይይዛሉ። እኛ በሉሕ ላይ ፊደል እያየን የቀራን ኡስታዞች መንገዱን እናውቀዋለን። በአንድ ቀን አንድ ፊደል በትልቁ ጽፎ፣ በጣት አስነክቶ፣ ደጋግሞ ማስቀራት ነው። ሌሎቹ ዓመቱን ሙሉ ብዙ ሱራ ሲሐፍዙ እሱ ፋቲሓን ቢይዝ፣ ለእሱ ትልቅ ኺትማ ነው።

የመስጂድ ኮሚቴዎችም ዘካ ስታከፋፍሉ እነዚህን ቤቶች ጠይቁ። የልጅ ሕመም በራሱ ዘካ አያስገባም። ነገር ግን እናት ሥራዋን ትታ፣ ገንዘቡ ለመድኃኒትና ለመመላለሻ አልቆ የተቸገረ ቤተሰብ ከፉቀራእና ከመሳኪን ወገን ነው። ሳይለምን ይድረሰው።

ገንዘብ የሌለን ደግሞ ጉልበትና ጊዜ አለን። ለኢፍጣር ስንጠራ «ልጁንም ይዛችሁ ኑ» እንበል፤ በስሙ እንጥራው፤ ሳምቡሳውን ከልጆቻችን ጋር አብሮ ይብላ። በሴቶች ሶፍ በኩል እህቶች በየምሽቱ ተራ ገብተው፣ ከተራዊሁ ጥቂት ረከዓ ልጁን ይያዙላት። አንዷ ስትይዝ ሌሎቹ ይሰግዳሉ፤ እናቱም ከስንት ጊዜ በኋላ ተረጋግታ ሱጁድ ትወርዳለች።

ከረመዳን የቀሩን ሌሊቶች አሉ። ዛሬ ለዒሻ ስንወጣ መንገዳችንን በዚያች እናት ደጅ እናድርግና «ነይ እንሂድ፤ ልጁን እኛ እንይዝልሻለን» እንበላት። አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ አሚን።