የሰሜን ተራሮች ጎብኝና የደጋው ገበሬ ድርሻ

በየዓመቱ ለጥምቀት በዓል በጎንደር ከተማ የሚገኘው የፋሲል መዋኛ ከቀሐ ወንዝ በሚጠለፍ ውኃ ይሞላል። በዓሉን ለማክበር ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የሚሰበሰበው ሕዝብ ብዙ መሆኑ ይታወቃል። ከዚሁ ሕዝብ መካከል በዓሉ እንዳለፈ ወደየቤቱ ከመመለስ ይልቅ ልጆቹን ይዞ ወደ ሰሜን የሚያመራ ቤተሰብ አይታጣም። ይህ ቤተሰብ ወለቃን፣ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ፣ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅም የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ለማየት ወደ ሳንቃበር ይወጣል።

ጉዞው ለከተማው ቤተሰብ የዕረፍት ጊዜ ማሳለፊያ ነው። ተራራው ሥር ለሚያርሰውና ለሚያረባው ገበሬ ግን ከግጦሹ፣ ከማሳውና ከልጆቹ የወደፊት ኑሮ ጋር የተያያዘ ነው። በመሆኑም መንገደኛው ቤተሰብ አይቶ ሲመለስ በደጋው መንደር ምን ትቶ ይሄዳል? ገበሬውስ ከዚህ ጉብኝት የሚደርሰው ድርሻ ምንድን ነው? የሚሉት ጥያቄዎች በደባርቅ፣ በጃናሞራ፣ በአዲአርቃይ፣ በበየዳና በጠለምት ወረዳዎች የሚገኙ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በጥሞና ሊመለከቷቸው የሚገቡ ናቸው።

ፓርኩ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። ለመቋቋሙ ዋናው ምክንያት ከሰሜን ተራሮች በስተቀር በዓለም ላይ በየትም ሥፍራ የማይገኘው ዋልያ ነበር። ሥጋው ለምግብ፣ ቀንዱም ለዋንጫ ይፈለግ ስለነበር በዚያን ጊዜ የቀረው የዋልያ ቁጥር 150 ያህል ብቻ እንደነበር ይገመታል። ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ በመዝገቡ ላይ መጀመሪያ ከሠፈሩት 12 ቅርሶች አንዱ ሆኗል። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትም የተመዘገቡት በዚሁ ጊዜ ነው።

ይሁን እንጂ የፓርኩ ታሪክ ለአካባቢው ገበሬ የደስታ ታሪክ ብቻ አልነበረም። በ1971 ዓ.ም. በሰሜናዊው ገደል ሥር ይኖሩ የነበሩ መንደርተኞች በኃይል እንዲነሡ ተደርገዋል። ከዚያ በኋላ በመጣው የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ጥበቃው ፈርሶ ፓርኩ ለዓመታት ጠባቂ አልነበረውም። ከተነሡትም መካከል ወደ ቀድሞ ቀያቸው የተመለሱ ነበሩ። በመጨረሻም የዋልያው ቁጥር በማነሱ፣ እርሻና ግጦሽ ወደ ፓርኩ በመግፋቱና መንገድ በመካከሉ በማለፉ ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ገባ።

ከዚህ ዝርዝር ለመውጣት ሃያ ዓመት ፈጅቷል። የፓርኩ ወሰን ሰፋ፤ አማራጭ መንገድ እንዲሠራ ተደረገ፤ በፓርኩ መካከል የነበረችው የግጭ መንደር 418 አባወራዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። ይህ ለአገሪቱ ክብር ነው። ገብስ ከማረስና በግ ከማርባት በስተቀር ሌላ ሥራ ላልለመደው የግጭ ገበሬ ግን የካሣ ገንዘብ ተቀብሎ በከተማ ዳር መኖር ከባድ ሽግግር እንደነበር ሊዘነጋ አይገባም። ክብሩ የተገኘው እነዚህ አባወራዎች በከፈሉት ዋጋ ጭምር ነውና።

የአገር ውስጥ ቤተሰብ ለምን ይፈለጋል?

እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በሰሜን ተራሮች ጎብኝ ሲባል የሚታሰበው በአብዛኛው የውጭ አገር ሰው ነበር። የውጭ አገር ጎብኝ የሚከፍለው መግቢያ ከኢትዮጵያዊው የበለጠ በመሆኑ፣ ብዙ ቀንም በእግርና በበቅሎ ስለሚጓዝ ተፈላጊነቱ አያጠያይቅም። ችግሩ ገበያው ከሩቅ የሚመጣ መሆኑ ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በዓለም ሲዛመት ጎብኝው ተቋረጠ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ላይ ጦርነት ተነሣ፤ በዚሁ ዓመት ነሐሴ ወር ውጊያው እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደረሰ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት የጎንደርና የደባርቅ የጎብኝ ገበያ ዳግመኛ ተመታ። በቅሎ የሚያከራየው፣ መንገድ የሚመራው፣ ምግብ የሚያበስለውና ጓዝ የሚጭነው ሁሉ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

የአገር ውስጡም ቤተሰብ መንገድ ሲዘጋ ይቀራል። ማንም አባት ልጆቹን ይዞ ተኩስ ወዳለበት አይሄድም፤ እንዲሄድ መገፋፋትም አይገባም። ነገር ግን ሰላም ወርዶ መንገድ ሲከፈት የባዕድ አገር ኤምባሲ ፈቃድ ሳይጠብቅ ሊመለስ የሚችለው እርሱ ነው። ቋንቋውን ያውቃል፤ የጾሙንና የፍስኩን ምግብ ያውቃል፤ ገብስ ቆሎውንና ጠላውን ከገበሬው እጅ ለመግዛት አስተርጓሚ አያሻውም። ልጁ ዘንድሮ ጭላዳን ካየ ዋልያውንም ልይ ብሎ በሚቀጥለው ዓመት አባቱን መጎትጎቱ አይቀርም። ስለዚህ ከአንድ ቤተሰብ የሚገኘው ገንዘብ አነስተኛ ቢሆንም ምንጩ ቅርብ ነው።

የጉዞው ወግ እንደሚከተለው ነው። ጎብኝው ቤተሰብ ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ የመግቢያውን ይከፍላል። መንገድ መሪና የታጠቀ ጠባቂ ይመደብለታል። መንገዱ በሳንቃበር አድርጎ የጅንባርን ፏፏቴ እያሳየ ወደ ግጭና ወደ ጨነቅ ይዘልቃል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጭላዳዎች በመቶ እየሆኑ ሣር ሲነጩ ይታያሉ። በጨነቅ አካባቢ ደግሞ ዋልያው በገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ይገኛል። ጅብራው፣ አስታውና ጓሳው ለከተማ ልጅ አዲስ ነገር ነው። ሥፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ በመሆኑ ሕፃናትና አረጋውያን በቶሎ ይደክማሉ፤ ራስ ምታትም ሊይዛቸው ይችላል። የሌሊቱ ብርድ ውኃ ያረጋል። እዚህ ላይ ነው የገበሬው በቅሎ፣ የገበሬው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ፣ የገበሬው እንቁላልና ትኩስ ወተት ዋጋ የሚያወጣው።

ላም አለኝ በሰማይ

ከላይ የተመለከተው ጥቅም በራሱ ወደ ገበሬው ቤት አይገባም። የመግቢያው ክፍያ ለመንግሥት ነው። ቤተሰቡ መኪናውን ጎንደር ተከራይቶ፣ ስንቁን ከጎንደር ገዝቶ፣ በመኪና እስከ ጨነቅ ደርሶ በዚያው ቀን ከተመለሰ ለደጋው መንደር የሚተርፈው የመኪናው አቧራ ነው። ገበሬው በበኩሉ ጭላዳ ገብሱን ሲበላበት፣ ነብርና ጅብ በጉን ሲነጥቁት፣ ከብቱ ወደ ጥብቅ ሣር ገብቶ ሲያዝበት ጉዳቱን ብቻውን ይሸከማል። እንዲህ ከሆነ ፓርኩ ለገበሬው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደተባለው መሆኑ ነው።

ወተቷን የማያገኝ ሰው ደግሞ ለላሟ አይጠነቀቅም። ዋልያው በጥበቃና በአካባቢው ሕዝብ ትብብር በ2008 ዓ.ም. አካባቢ ከ800 በላይ ደርሶ ነበር። ጦርነቱና ግጭቱ ጥበቃውን ካላሉት፣ የጎብኝው ገቢም ከተቋረጠ ወዲህ ቁጥሩ ከግማሽ በታች ወርዷል። ዋልያው ካለቀ ከሌላ አገር የሚመጣ ምትክ የለውም። የብሔራዊው የእግር ኳስ ቡድን ስም ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ቤተሰብ ግን ስም ለማየት ደባርቅ ድረስ አይመጣም።

በአንጻሩ ገበሬው ፓርኩን የራሱ አድርጎ ሲያየው ምን ሊሠራ እንደሚችል በ2011 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያ ዓመት በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት ጓሳውንና አስታውን ያቃጠለው እሳት ሲነሣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተዋል። እነርሱ እስኪደርሱና ከደረሱም በኋላ ቅጠልና ዶማ ይዞ ገደል ለገደል እሳቱን ሲያጠፋ የሰነበተው ግን የአካባቢው ገበሬና ወጣት ነበር። ከውጭ የመጣው እርዳታ የሚመሰገን ሆኖ፣ በየዓመቱ በበጋ ወራት ተራራው ሥር የሚገኘው ጠባቂ ገበሬው መሆኑን ይህ አጋጣሚ አስረድቷል።

ከመንዝ ጓሳና ከሩዋንዳ የሚገኝ ትምህርት

በዚሁ በአማራ ክልል በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ሣር በጥንት ጊዜ «ቄሮ» በሚባለው ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ ነው። ሕዝቡ በመረጣቸው አለቆች አማካይነት ሣሩ ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና በተወሰነ ቀን ይከፈታል። በዚያን ጊዜ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለልዩ ልዩ ጉዳይ የሚፈልገው ሁሉ ያጭዳል፤ ደንቡን ያፈረሰ ይቀጣል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ይህ ሥርዓት ፈርሶ፣ አስተዳደሩ ወደ ገበሬ ማኅበራት ሲተላለፍ ሣሩ ባለቤት እንዳጣ ተቆጥሮ ተጎድቶ ነበር። ቆይቶ ግን ሕዝቡ የቀድሞውን ደንብ ከዘመኑ ጋር አስማምቶ የጥበቃ ኮሚቴ በማቋቋሙ፣ ጓሳ በሕግ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ለመሆን በቅቷል። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ሲጠበቁ ገበሬውም ሣሩን አላጣም።

በሩዋንዳም የተራራ ጎሬላ የሚገኝበትን ጨምሮ በብሔራዊ ፓርኮች ዙሪያ የሚኖሩ ገበሬዎች ከጎብኝዎች ገቢ እንዲካፈሉ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከፓርኮች ገቢ 5 ከመቶ ለአካባቢው ሕዝብ ልማት እንዲውል ተወስኖ ነበር፤ በ2017 ወደ 10 ከመቶ ከፍ ብሏል። በገንዘቡም ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የውኃ መስመር ተሠርቶበታል። ከሁለቱ ምሳሌዎች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ጥበቃ የሚጸናው ጠባቂው ድርሻውን በደንብ ለይቶ ሲያውቅና ሲቀበል ነው።

ከማኅበራት መሪዎች የሚጠበቀው

ከዚህ አኳያ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሰላም የሚወርድበትን ቀን እየጠበቁ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ አይኖርባቸውም። ዝግጅቱ ከአሁኑ ሊጀመር የሚችል ነው።

አንደኛ፣ የበቅሎ፣ የጓዝና የመንገድ መሪነት ሥራ በተራ መዳረስ አለበት። ተራው በግልጽ ቦታ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ዋጋውም የተቆረጠ ይሁን። ከዘመድ ለዘመድ የሚተላለፍ ተራ ቅሬታን ይወልዳል፤ ቅሬታውም ዞሮ በዋልያው ላይ ያርፋል። መሬት የሌላቸው ወጣቶች፣ ባል የሞተባቸው ሴቶችና ከግጭ የተዛወሩት አባወራዎች ከተራው እንዳይዘለሉ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ለጎብኝው የሚሸጠው ነገር ከመንደሩ እንዲወጣ ማድረግ ይገባል። የገብስ ዳቦ፣ ቆሎ፣ እንቁላል፣ ማር፣ ድንችና ከበግ ፀጉር የተሠራ ባርኔጣ በንጹሕ ቦታ በአንድነት ቢቀርብ ቤተሰቡ ስንቁን ከጎንደር አይሸከምም። ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ቤት ከሌለ ግን ልጅ ይዞ የመጣ ሰው አንድ ሌሊት ሳያድር ይመለሳል፤ ያላደረ ጎብኝ ደግሞ የሚያወጣው ጥቂት ነው።

ሦስተኛ፣ የግጦሹ ነገር መልክ መያዝ አለበት። ከብትን በጥብቅ ሣር ላይ መልቀቅ ለአንድ ክረምት ያዋጣ ይሆናል። አፈሩ በጎርፍ ታጥቦ ወደ ተከዜ ከወረደ በኋላ ግን ለበሬውም ለዋልያውም የሚተርፍ አይኖርም። ሣር አጭዶ ማብላት፣ ከብዙ ደካማ ከብት ጥቂት ጠንካራ መያዝ፣ ከፓርኩም ጋር የአጨዳ ቀን መዋዋል ከመንዝ ሊወሰዱ የሚችሉ ልምዶች ናቸው።

አራተኛ፣ ሕፃናት ትምህርታቸውን ትተው በመኪና ኋላ እንዳይሮጡና እንዳይለምኑ ወላጆች በስብሰባ ሊመካከሩበት ይገባል። ከከተማ የመጣው ልጅና የደጋው ልጅ እኩያ ናቸው፤ አንዱ ሰጪ ሌላው ለማኝ ሆነው መለማመዳቸው ለሁለቱም አይበጅም።

አምስተኛ፣ ገቢው በመዝገብ ተይዞ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ሊነበብ ይገባል። መሪዎችም ሰብል ለጠፋበትና በግ ለተነጠቀበት ገበሬ ካሣ፣ ለመንደሩም ከመግቢያው ክፍያ የታወቀ ድርሻ እንዲወሰን በወረዳውና በፓርኩ ጽሕፈት ቤት በኩል ያለመታከት መጠየቅ አለባቸው። ጥያቄው የሚደመጠው ማኅበሩ የራሱን ሒሳብ አጥርቶ ሲቀርብ ነው።

በመጨረሻም ሊታሰብ የሚገባው፣ ጎብኝ የማረሻ ምትክ አለመሆኑ ነው። ያለፉት ዓመታት እንዳሳዩት የጎብኝ ገቢ በአንድ ቀን ሊቋረጥ ይችላል። ስለዚህ ገብሱም ድንቹም በጉም አይተውም፤ የጎብኝው ገቢ በእነርሱ ላይ የሚጨመር ነው። የመንገዱ ሰላም ተረጋግጦ፣ ጥምቀትን ያከበረው ቤተሰብ ከቀሐ ተነሥቶ ልጆቹን ይዞ ሳንቃበር ሲደርስ፣ ተራው የተስተካከለ፣ ሣሩ የተጠበቀና ወተቱ የተፈላ ሆኖ ቢያገኘው ዳግመኛ ይመጣል። በዚያን ጊዜ የሰማይዋ ላም ወርዳ በገበሬው ደጅ ትታለባለች።