«ዶክተር፣ እንዳትነግሪያት»፦ ለጡት ምርመራ ቀጠሮ ከመሄዳችሁ በፊት



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ተመሳሳይ ናቸው። «ዶክተር፣ ጡቴ ላይ እብጠት አገኘሁ፤ ቀጠሮ ተሰጥቶኛል፤ ምን ይዤ ልሂድ?» የሚሉ ናቸው። ዛሬ እሱን እመልሳለሁ። በቅድሚያ ግን አንድ ገጠመኜን ላካፍላችሁ።

አንዲት እናት ከጣና ማዶ ከልጃቸው ጋር ለምርመራ መጡ። ልጁ በር ላይ ጠብቆኝ በሹክሹክታ «ዶክተር፣ ካንሰር ከሆነ ለእኔ ንገሪኝ፤ ለእሷ ግን እንዳትነግሪያት» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ሊከፍል ወጣ። እናትየው እጄን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ይሄ ነገር ክፉው በሽታ ሳይሆን አይቀርም። አደራ፣ ለልጄ እንዳትነግሪው፤ ሥራውን ጥሎ ይንከራተትብኛል» አሉኝ።

ሁለቱም ጠርጥረዋል፤ ሁለቱም ይደባበቃሉ። ልጁ እያለ «ከጀመረኝ ወር ቢሆነኝ ነው» ያሉኝ እናት፣ እሱ ሲወጣ 8 ወር እንዳለፋቸው፣ የጡታቸው ጫፍ ወደ ውስጥ እንደገባና ደም የቀላቀለ ፈሳሽ እንደሚወጣቸው ነገሩኝ። ልጁ ለክፍያ ባይወጣ ኖሮ ይህን ሁሉ አልሰማም ነበር።

ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ልናገር። ለቀጠሮ የመጀመሪያው ዝግጅት መደባበቅን ማቆም ነው። እዚህ ሹም አቦ፣ ሰፈራችን ቡና ላይ ስንቀመጥ እንኳ የበሽታው ስም አይጠራም፤ «ያ በሽታ» ተብሎ ይታለፋል። ስሙን ስላልጠራነው ግን አይቀርም፤ እኛን ነው የሚያዘገየን።

አስቀድማችሁ ግን ተረጋጉ። አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም። በወጣት ሴቶች ላይ ፋይብሮአዴኖማ የሚባል ጉዳት የሌለው እብጠት፣ ውኃ የቋጠረ እብጠት፣ በሚያጠቡ እናቶች ደግሞ ኢንፌክሽን በብዛት እናያለን። በሌላ በኩል የጡት ካንሰር በሀገራችን ሴቶች ላይ በብዛት ከሚታዩ የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ነው፤ ወጣት ሴቶችንም ይይዛል፤ ወንዶችም ላይ አልፎ አልፎ ይከሰታል። «አያመኝም፣ ስለዚህ ደህና ነኝ» አትበሉ። የካንሰር እብጠት መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም። የጡት ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ፣ ብብት ውስጥ የሚዳሰስ እብጠት ካለ ቀጠሮውን ለነገ አትበሉት።

እንግዲህ ዝግጅቱ ይህን ይመስላል።

1. ጻፉ። እብጠቱን መቼ እንዳያችሁት፣ አድጎ እንደሆነ፣ ከወር አበባ ጋር ይለዋወጥ እንደሆነ፣ ስንት ልጅ እንደወለዳችሁና እንዳጠባችሁ፣ የምትወስዱትን መድኃኒትና የወሊድ መቆጣጠሪያ አስፍሩ። ከእናትም ከአባትም ወገን የጡት ወይም የእንቁላል ማምረቻ (ኦቫሪ) ካንሰር የያዘው ሰው ካለ ጠይቁ። መጻፍ ለማይችሉ እናቶች ልጆቻቸው ይጻፉላቸው።

2. ወረቀታችሁን ሰብስቡ። የድሮ የአልትራሳውንድ ውጤት፣ የናሙና ውጤት፣ የሪፈር ወረቀት፣ ሁሉንም በአንድ ፌስታል አድርጉና በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ተጠቃሚ ከሆናችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ በሪፈር መሄዳችሁን አረጋግጡ፤ አለበለዚያ ብዙ ጊዜ ከኪስ መክፈል ይመጣል።

3. የምታምኑትን አንድ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የደነገጠ ሰው ከተነገረው ብዙውን አይሰማም። አብሯችሁ ያለው ሰው ይሰማላችኋል፣ ይጽፍላችኋል። ነገር ግን ለብቻችሁ መናገር የምትፈልጉት ካለ «ጥቂት ደቂቃ ለብቻዬ ከሐኪሙ ጋር ልነጋገር» ማለት መብታችሁ ነው።

4. ልብሳችሁ ከላይና ከታች የተለያየ ይሁን። ማሞግራፊ የምትነሱ ከሆነ የዚያን ቀን ብብታችሁና ጡታችሁ ላይ ዲዮድራንት፣ ፓውደርም ሆነ ቅባት አታድርጉ፤ ፊልሙ ላይ ሊያሳስት ይችላል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም የምታጠቡ ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ። ወጣት ከሆናችሁ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ቢጀምር አትገረሙ፤ የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ስለሆነ በማሞግራፊ ብቻ በደንብ ላይታይ ይችላል።

5. ጸበል እየተጠመቃችሁ ወይም የባህል መድኃኒት እየወሰዳችሁ ከሆነ ንገሩን። አንቆጣም። ጸበሉም ህክምናውም አብረው ይሄዳሉ። የሚጎዳው ቀጠሮውን ማሳለፍና እብጠቱ ላይ የሚያቃጥል ነገር ማድረግ ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ናሙና ከመወሰዱ በፊት አሳውቁ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡት።

ስለ ናሙና አንድ ነገር ልጨምር። «መርፌ ከነካው ይሰራጫል» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ከሆስፒታል በር መልሷል። በመርፌ ናሙና መውሰድ ካንሰሩን አያሰራጭም። እብጠቱ ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚታወቀው በናሙና ነው። ካንሰር ከሆነም የትኛው መድኃኒት፣ ለምሳሌ የሆርሞን ህክምና፣ እንደሚሠራ የሚነግረን እሱው ነው።

ከክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦
– ምን ጠረጠራችሁ? በአማርኛ ንገሩኝ።
– ቀጣዩ ምርመራ ምንድን ነው? የት ይሠራል? ስንት ያስከፍላል?
– ውጤቱ መቼ ይደርሳል? ለማን ይነገራል?
– ካንሰር ከሆነ በምን ይጀመራል? በቀዶ ህክምና ወይስ በኬሞቴራፒ?
– እዚሁ ነው የምታከመው ወይስ ሪፈር አለ?

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች አሉን። የጨረር ህክምና ግን ለብዙ ዓመታት አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ወደ ክልሎች መስፋፋት የጀመረው በቅርቡ ነው። ስለዚህ መንገድ ሊኖር ይችላል። ቀድሞ ያወቀ ቤተሰብ ገንዘቡንም ማረፊያውንም ያስባል። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለህክምና አዲስ አበባ ለሚሄዱ አቅመ ደካማ ታማሚዎች ማረፊያ እንደሚሰጥም እወቁ።

አሁን ወደ «እንዳትነግሪያት» ልመለስ። ቤተሰብ ይህን የሚለው ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። «ከሰማች ቶሎ ትሞታለች» የሚል ፍርሃት አለ። መርዶ መስማት ያማል፤ አልዋሽም። ግን አስቡት፤ ለወራት የሚቆይ፣ ፀጉር የሚያረግፍ፣ የሚያደክም ህክምና ከሰውዬው ተደብቆ እንዴት ይሰጣል? ለምን እንደምትታከም ያላወቀች እናት ትንሽ ሻል ሲላት ታቋርጣለች። ያኔ ነው የምናጣት። ሁሉንም ዝርዝር መስማት የማይፈልግ ሰው አለ፤ እሱም መብቱ ነው። ያንን የሚወስነው ግን ልጅ ወይም ባል ሳይሆን ታማሚው ራሱ ነው። ቤት ውስጥ «እማ፣ ውጤቱ ሲመጣ ለማን ይነገር?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህች አንዲት ጥያቄ ብዙ ሸክም ታወርዳለች።

እኛ ሐኪሞችም ጥፋት አለብን። ወረፋው በዝቶብን እንቸኩላለን፤ በእንግሊዝኛ ቃላት እናወራለን። ካልገባችሁ «አልገባኝም» በሉን። አትፈሩን።

ያን ቀን እናትየውን ፈቃድ ጠይቄ ልጃቸውን አስገባሁትና ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። እሳቸው ራሳቸው 8 ወሩን ነገሩት። አቀርቅሮ አለቀሰ፤ እሳቸው ጭንቅላቱን ዳበሱት። ከዚያ እንባውን ጠርጎ ስልኩን አወጣና «እሺ ዶክተር፣ ልጻፈው፤ ቀጥሎ የት እንሂድ?» አለኝ።

ውጤቱ ምን ሆነ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። እሱ የእሳቸው ነውና ለእሳቸው ልተወው።

ቀጠሮ ያላት እናት፣ እህት ወይም ጎረቤት ካለቻችሁ ይህን ጽሑፍ አንብቡላት፣ አብራችኋትም ሂዱ።

መልካም ጤና!