ከኋላ ጎማ የሚመጣው ድምፅ

ዲንሾ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ከኋላ የተቀመጠችው ልጄ «አባዬ፣ መኪናችን እያፏጨች ነው» አለችኝ። ሬዲዮውን ቀንሼ አዳመጥኩ። ፉጨት አልነበረም። ከግራ የኋላ ጎማ በኩል፣ ጎማው በዞረ ቁጥር የሚመላለስ ፍጭት ነው፤ ሽር... ሽር... ይላል።

እውነቱን ለመናገር ድምፁን አውቀዋለሁ። መኪናችን ከጉዞው ሦስት ሳምንት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ከጎን ተገጭታ፣ የኋላ በሯና ፓራፋንጎዋ ተሠርቶ፣ ቀለም ተቀብታ ከጋራዥ ወጥታለች። ስረከባት ድምፁን ሰምቼ ብጠይቅ «ቆማ ስለከረመች ዝገት ይዟት ነው፤ ሲነዷት ይለቃል» አሉኝ። ቀለሙ እንደ መስታወት ያበራ ነበርና አመንኩ።

መልሱ ግማሽ እውነት አለው። ቆሞ የከረመ መኪና ዲስኩ ወይም ታምቡሩ ላይ ስስ ዝገት ይይዛል። እንደ ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ብርዳማና ጭጋጋማ ከተማ ያደረ መኪናም ጠዋት ፍሬኑ ቢጮህ አይገርምም። ይህ ዓይነቱ ድምፅ ግን ፍሬን ጥቂት ጊዜ ሲያዝ ይጠፋል። ሦስት ሳምንት የቆየው ሌላ ነገር ነው።

ቦታው ደግሞ ፍሬን የሚጠየቅበት ነው። ከአዳባ ሲመጡ መንገዱ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የጋይሳይ ሜዳ ያልፋል። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን በዚያ ይሰማራል፤ በጭጋግ ውስጥ ድንገት አስፋልቱን ሊያቋርጥ ይችላል። ከዲንሾ ወደ ሮቤ ደግሞ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአብዛኛው እየወረዱ መሄድ አለ። ቆምኩ።

ሻይ ቤት ጠይቀን ያገኘነው ወጣት መካኒክ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት «ፍሬን ሲይዙ ነው ወይስ ሳይዙም ይሰማል?» አለኝ። ለካ የምርመራው ግማሽ ይህ ጥያቄ ነው። እናንተም ለመካኒክ እንዲህ ብላችሁ ብታስረዱ ጊዜም ገንዘብም ይተርፋል።

ፍሬን ሳይያዝ ከጎማው ጋር የሚመላለስ ፍጭት፦ ከጎማው ጀርባ ያለው ቆርቆሮ በግጭቱ ተጣሞ ታምቡሩን ወይም ዲስኩን እየነካ ሊሆን ይችላል። አክስል ከተጣመመም እንዲሁ ይሰማል።

ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚሰማ የብረት ፍጭት፦ ሸራው አልቆ ብረት ከብረት እየተፋጨ ይሆናል። ይህ ቀጠሮ አይሰጠውም።

እንደ ንብ እያጉረመረመ፣ ፍጥነት ሲጨምር የሚጨምር፣ ሲታጠፉ የሚለዋወጥ ድምፅ፦ ኩሽኔታውን ጠርጥሩ። ከጎን የመጣ ምት ጎማው ላይ ካረፈ ኩሽኔታ ይጎዳል፤ ጉዳቱም ቆይቶ ሊሰማ ይችላል።

ፍሬን ሲያዝ አንዴ «ቋ» የሚል፦ ያልጠበቀ ብሎን፣ የተረሳ ሞላ ወይም የላላ የእግር ክፍል ሊኖር ይችላል።

ወጣቱ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፎ የእጅ ፍሬኑን አስለቀቀና የኋላውን በክሪክ አነሳ። የቀኙ ጎማ በእጅ ሲገፋ እንደ ልቡ ዞረ። የግራው ግን እየተንገዳገደ ጥቂት ዞሮ ቆመ። ታምቡሩ ሲወልቅ ነገሩ ተገለጠ። የጀርባው ቆርቆሮ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ተወጥሮ ሸራውን አላስለቅቅ ብሏል፤ ሸራውም በአንድ ጠርዙ ብቻ ተበልቷል። በሩን ያቀኑት ሰዎች ጎማውን አንድ ጊዜም አላወለቁትም።

ያልተለቀቀ ፍሬን ሁልጊዜ ይግላል። ሙቀቱ ሲበዛ ሸራው የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ እግር ሥር ይሰምጣል። ይህን ቤት ሆናችሁ መመርመር ትችላላችሁ። ፍሬን ብዙ ሳትይዙ ትንሽ ነድታችሁ ቁሙና እጃችሁን ሳታስነኩ ወደ እያንዳንዱ ጎማ አስጠጉ። አንዱ ከጓደኛው ለይቶ የሚግል ከሆነ፣ እሱ ጋ ችግር አለ።

ወጣቱ ቆርቆሮውን አቅንቶ ገመዱን ካላላ በኋላ «ይህ ሮቤ ለመድረስ ብቻ ነው፤ እዚያ ይቀየር» አለኝ። ባለቤቴንና ልጆቹን በሚኒባስ አስቀደምኩ። እኔ በከባድ ማርሽ፣ በዝግታ ተከተልኳቸው። ሮቤ ላይ ቆርቆሮውና ገመዱ ተቀየሩ፤ ሸራው ደግሞ በግራም በቀኝም። የአንዱን ወገን ብቻ መቀየር መኪናዋ ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ጎን እንድትስብ ያደርጋታል።

ከግጭት ጥገና መኪና ስትረከቡ ቀለሙን በኋላ እዩት። በተመታው በኩል ጎማው ወልቆ ፍሬኑና ኩሽኔታው መታየቱን ጠይቁ፤ በሥራ ዝርዝሩ ላይም ይጻፍ። የጎማ አቋም ይለካ። ከመፈረማችሁ በፊት መካኒኩን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ፣ ሬዲዮ ዘግታችሁ፣ ጸጥ ባለ መንገድ ንዱ። ድምፅ ካለ መኪናዋ እዚያው ትደር። የዓመቱን የቦሎ ምርመራ አትጠብቁ።

እኔ ሰምቼ ዝም ያልኩትን ድምፅ ልጄ ሰምታ ተናገረች። ከዚያ ወዲህ መኪና ከጋራዥ ስረከብ እሷን ይዣት እሄዳለሁ።