ክሪክ ሥር ያለው ድንጋይ የማን ነው?

ጭነት ከመተማ ዮሐንስ ከመነሳቱ በፊት የምንጠይቀውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጆንያው ተቆጥሯል? ሸራው ተወጥሯል? የጉምሩኩ ወረቀት ማን ጋ ነው? ገላባት ላይ የሚቀበለን ሰው ስልኩ ይሠራል? «ክሪኩ የት አለ? ከሥሩ የሚገባው እንጨትስ?» ብሎ የጠየቀ ነጋዴ ግን እስከ ዛሬ አላየንም። ይህን የምንጽፈው ሾፌሮችን ለመክሰስ አይደለም። ክሱ በራሳችን ላይ ነው፤ በባለ ጭነቶቹ።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት ሦስት ሴቶች ሆነን በርበሬና ዝንጅብል በአንድ መኪና ጭነን ከዶካ ወደ ገዳሪፍ እንሄድ ነበር። ሱዳኖች እንዲህ ያለውን መለስተኛ የጭነት መኪና «ደፋር» ይሉታል፤ እኛም ስሙን በአማርኛ እየፈታን ስንስቅበት ኖረናል። የኋላ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ መኪናውን ወደ ዳር አወጣ። ዳሩ ደግሞ ያው የምታውቁት ጥቁር ዋልካ ነው፣ ሌሊቱን ዝናብ ጠጥቶ ያደረ። ረዳቱ ከመንገድ ሥራ የተረፈ ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጎ አመጣና ክሪኩን በላዩ አቆመ። አሮጌው ጎማ ወጥቶ ስኮርታው ሊገባ ሲል ድንጋዩ በአንድ ጎኑ ሰመጠ፤ ክሪኩም ሸሸ። መኪናው ሲወርድ የልጁ ግራ እጅ ከሥር ነበር። ሦስት ጣቶቹን አጣ።

ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። በሌላ መኪና አሳፍረን ወደ ሆስፒታል ስንልከው ከእኛ አንዷ ሾፌሩን የጠየቀችው «በርበሬውን ዝናብ አልነካውም?» ብላ ነው። የትኛዋ እንደሆነች አንናገርም፤ ሦስታችንም የምናስበው እሱኑ ነበርና። ከዚያ «ማሌሽ» ተባለ፣ ጥቂት ገንዘብ ተዋጣ፣ ጭነቱም ገበያ ደረሰ። ያን ልጅ ከዚያ በኋላ በየትኛውም መኪና ላይ አላየነውም።

ይህን ስናነሳ የሚመጣልንን መልስ እናውቀዋለን። አንደኛው «ፈጣሪ ይጠብቃል» የሚለው ነው። አዎ፣ ይጠብቃል። ነገር ግን በርበሬውን ያለ ሸራ ለፈጣሪ ጥበቃ ትተን አናውቅም፤ መጀመሪያ በገመድ እናስራለን፣ ከዚያ እንጸልያለን። ለሰው እጅ ሲሆን ጸሎቱ ብቻ የሚበቃው ለምንድን ነው?

ሁለተኛው «እሱ የሾፌሩ ሥራ ነው» የሚል ነው። ሾፌሩን በዋጋ አስጨንቀን፣ አስለቅሰን፣ ከሌላው አስበልጠን አስወርደነዋል። ከዚያ ዋጋ ላይ ምን እንዲቀንስ ጠብቀን ነበር? ነዳጁን አይቀንስም፣ የራሱን እራት አይቀንስም። የሚቀንሰው ማንም የማያየውን ነው፤ የዘይት ማፍሰሻ ክሪኩን ሳያሠራ ይነሳል፣ ጣውላውን ለማገዶ ይሰጣል።

ሦስተኛው ደግሞ «አባቶቻችን በድንጋይ ሲያነሱ ኖረዋል» የሚል ነው። የኖሩትን እንጂ የቀሩትን ማን ቆጠረ?

እኛ በንግድ ዲፕሎማችን የተማርነው ሂሳብ ነውና በሂሳብ እንነጋገር። ከጫነ መኪና የኋላ ጎን በአንድ ክሪክ ላይ 3 ቶን አረፈ እንበል። የክሪኩ መቀመጫ 12 በ12 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 144 ነው። 3,000 ኪሎን ለ144 ስናካፍል በእያንዳንዷ ሳንቲ ሜትር ካሬ ላይ 21 ኪሎ ገደማ ይወድቃል። ዝናብ የጠጣ ዋልካ ይህን አይችልም። ከሥሩ 40 በ40 የሆነ ወፍራም ጣውላ ስናስገባ ክብደቱ ወደ 2 ኪሎ ይወርዳል። 60 በ60 ካደረግነው ከ1 ኪሎ በታች ይሆናል። ሂሳቡ የሚሠራው ግን ጣውላው ሳይታጠፍ ክብደቱን እስከ ዳሩ ካደረሰው ነው። ስለዚህ ሳጥን የተፈታበት ስስ እንጨት አይሆንም፤ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ያልተሰነጠቀ፣ ሁለት ሆኖ በመስቀለኛ የተመታ ጠንካራ እንጨት ነው የሚፈለገው። ድንጋይ ጠንካራ ቢሆንም ጭቃው ላይ የሚያርፈው ባልተስተካከለ ሆዱ ነው፤ ስለዚህ ይዞራል። ዋልካው እግር የሚውጥ ከሆነ ደግሞ ጣውላም አያድነንም፤ ጎማው ይቆራረጥ እንጂ ቀስ ብሎ ወደ አስፋልቱ ወይም ወደ ጠጠሩ መውጣት ነው። ጎማ በገንዘብ ይገዛል።

እስካሁን ያወራነው ከክሪኩ ሥር ስላለው ነው። ከክሪኩ ራስ ላይ ያለውም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይህ በተለይ የቤት መኪና ያላቸውን ይመለከታል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ ብዙ ቤተሰብ በትንንሽ፣ መሬት በሚነኩ መኪኖች ወደ ገዳሪፍ ሸሽቷል፤ ከእነሱም ስንቱ እስከ ገላባት ወርዷል። የእነዚህ መኪኖች ጎን ታችኛው ክፍል ቆርቆሮ ተጣጥፎ የተበየደበት ቀጭን ጠርዝ አለው። የክሪኩ ብረት ጠርዙን በቀጥታ ሲገፋው ይተጣጠፋል፤ ብረት በብረት ላይም ይንሸራተታል። መድኃኒቱ በክሪኩ ራስ ላይ የሚቀመጥ፣ መሃሉ ቦይ ያለው የላስቲክ ትራስ ነው። ጠርዙ በቦዩ ውስጥ ይገባል፣ ክብደቱን የሚሸከመው ግራና ቀኙ ይሆናል።

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን እንደሚያውቁት የስፖርት መኪና ያላቸው ሰዎች ይህን ትራስ በየመኪናቸው ልክ መርጠው ይገዛሉ። ኮርቬት ለምሳሌ ከሥሩ ለዚሁ የተተወ ቀዳዳ አለው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በረዶ ላይ የሚጫወቱበትን የሆኪ ጠጠር፣ 7.6 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ጠንካራ ላስቲክ፣ ለዚህ የሚጠቀሙበትም አሉ። እነሱ ለቀለማቸው የሚጠነቀቁትን ያህል እኛ ለልጆቻችን እጅ መጠንቀቅ ከበደን?

ስንገዛ የምናየው ይህን ነው። ላስቲኩ በክሪኩ ራስ ላይ በልኩ ይቀመጥ፤ ከዳር የሚተርፍ ከሆነ ይገለበጣል። የቦዩ ጥልቀት የመኪናውን ጠርዝ ይዋጠው። በአውራ ጣት ስንጫነው የሚሰምጥ ከሆነ ይቅርብን፤ ክብደት ሲያርፍበት ወደ ጎን ይሸሻል። ገዳሪፍ በሚያዝያ እንዴት እንደሚነድ ታውቃላችሁ፤ በየወቅቱ እያጠፍን እንመልከተው፣ ከተሰነጠቀ ይጣል። ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቀደደ ቁራጭ ትራስ አይደለም። ክሪኩ ከሥር አልገባ ያለው ዝቅ ያለ መኪና ደግሞ በድንጋይ አይነሳም፤ ጎማውን መጀመሪያ ጣውላ ላይ መንዳት ነው፣ ያኔ ቦታ ይገኛል።

ዘመኑም ስህተትን እያስወደደ ነው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በዝተዋል። የእነሱ ባትሪ ወለሉ ሥር ተዘርግቶ ነው ያለው። ክሪኩን «እዚህም ይሆናል» ብሎ መሃል ላይ የገፋ ሰው የመኪናውን ውድ ክፍል ወጋው ማለት ነው። ፋብሪካው ያመለከተው ቦታ አለ፤ እሱን መፈለግ የደቂቃ ሥራ ነው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ከእንግዲህ ዋጋ ስንነጋገር ክሪክ የሚችለው ቶን ይነበብ፣ ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ጭነት አንስጥ። ወፍራም ጣውላ፣ ሁለት ታኮ እና አንድ የብረት ድጋፍ በየመኪናው ይኑር፤ ሾፌሩ ከሌለው በእቁባችን ገዝተን እናበድር። ብሎኑ ጎማው መሬት ላይ ሳለ ይላላ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ በተቃራኒው ጎማ ታኮ ይግባ። ድጋፍ ከሌለ ስኮርታው ሻንሲው ሥር ይተኛ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም እጁን አያስገባ፣ ጉምሩክ ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ቢቀረውም። ረዳት ከተጎዳ ደግሞ ማሳከሚያው እንደ መንገድ ወጪ በጭነቱ ላይ ይታሰብ፤ የተቀደደ ጆንያ ስናስብ እንደኖርነው።

ይህ ሁሉ ከአንድ ጆንያ በርበሬ ዋጋ ያንሳል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ይህን ነው። መንገዱ በተዘጋባቸው ወራት ሁላችንም «ሲከፈት» እያልን ስናልም ነበር፤ ሲከፈት የምንወስደው ትርፍ የማን ጣት ላይ እንደቆመ እንወቅ። ያን ዕለት ከዶካ ወዲህ ክሪኩ ሥር የገባውን ድንጋይ ያመጣው ልጁ ነው። ድንጋዩ ግን የእኛ ነበር።