የጉበት ጎተራ
ገበሬ በመኸር ወደ ጎተራ ያገባውን እህል በክረምት እያወጣ ይመገባል፤ የሰውነታችንም ሥርዐት እንዲሁ ነው። ከምግብ በኋላ ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን ሲያዝዛቸው፥ የጉበት ሕዋሳት የስኳሩን ቅንጣቶች እርስ በርስ አያይዘው ግላይኮጅን አድርገው ያከማቻሉ፤ መጠኑም በጠገበ ሰው ጉበት 100 ግራም ያህል ነው። በጾም ሰዓት ኢንሱሊን ሲቀንስ፥ ግላይኮጅኑ ተፈትቶ ስኳር ይሆንና በደም ተጉዞ አንጎልን ይመግባል።

ነገር ግን ኢንሱሊን በመርፌ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ምግብ ሳይቀምስ ቢውል፥ መድኃኒቱ ጎተራውን እንደ ዘጋ ያቈየዋል፤ በደሙ ያለው ስኳርም ከመጠን በታች ወርዶ ራሱን ሊስት፥ ለሞትም ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ በቤታችን እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ቢኖር፥ ከመጾሙ አስቀድሞ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ያማክር ዘንድ እናሳስባለን። የታመመ ሰው በምክር ቢበላ ጾም አፍራሽ አይባልም።