ስለ ማይንክራፍት ጨዋታና ስለ ኮምፒዩተር ዐቅም

ባለፈው ወር በቤታችን የሆነው ነገር ልጆች ያሏችሁን የተከበራችሁ አንባብያን ሁሉ የሚመለከት መስሎ ስለ ታየኝ በዚህ ገጽ ልጽፈው ወደድሁ።

የ12 ዓመት ልጄ ከመሥሪያ ቤት ስመለስ ከደጅ ተቀበለኝና፥ «አባባ፥ ኮምፒዩተሩ አርጅቷልና እባክዎ ሌላ ይግዙልኝ» ሲል ለመነኝ። ኮምፒዩተሩ ከስድስት ዓመት በፊት ለጽሕፈት ሥራዬ የገዛሁት ላፕቶፕ ነው። ልጁና ታናሽ እኅቱ ማይንክራፍት የሚባለውን ጨዋታ ሲጫወቱበት ሥዕሉ ይቆራረጣል፤ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ ይቆማል። እኔም ነገሩን ሳልመረምር፥ «በጨዋታ ብዛት ያበላሸኸው አንተ ነህ» ብዬ ተቈጣሁት፤ ልጁም እያለቀሰ ወደ ውስጥ ገባ። ላፕቶፑን ያሳየሁት አንድ ነጋዴም ከፍቶ ሳያየው «ይህስ አልቆለታል» ብሎ የአዲሱን ዋጋ ነገረኝ። ዋጋው የሁለቱን ልጆች የዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ የሚያህል ስለ ነበረ፥ ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት ነገሩን ራሴ ልመርምር ብዬ ሁለት ሌሊት ተቀመጥሁ።

ማይንክራፍት በስዊድን አገር በስቶክሆልም ከተማ የሚገኘው ሞጃንግ የሠራው፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. ተፈጽሞ የወጣ ጨዋታ ነው። በውስጡ የሚታየው ምድር ሁሉ አራት ማዕዘን ጡብ በሚመስሉ ነገሮች የተሠራ ሲሆን፥ እነዚህ ጡቦች በወርድ 16፥ በርዝመትም 16 እየሆኑ ቻንክ በሚባል ክፍል ይከፈላሉ። «ሬንደር ዲስታንስ» የሚባለው ማስተካከያ ተጫዋቹ ከቆመበት ስፍራ በየአቅጣጫው እስከ ስንት ቻንክ ድረስ እንዲታየው የሚወስን ቍጥር ነው። ልጄ በጓደኛው ቤት ያየውን ተከትሎ 16 አድርጎት ነበር። ለዐይን ትንሽ ቍጥር ይመስላል፤ ነገር ግን በአራት ማዕዘን ሲሰላ በግራ 16፥ በቀኝ 16፥ የቆመበት 1 ተደምሮ 33 በ33፥ ማለት 1089 ቻንክ ይሆናል። ወደ 6 ቢወርድ ግን 13 በ13፥ ማለት 169 ብቻ ነው። እንግዲህ ያ ላፕቶፕ ከስድስት እጅ የሚበልጥ ጭነት ተሸክሞ ሲያቃስት እኛ በሽተኛ ነው እንል ነበር።

አንዳንዱ ኮምፒዩተር ሥዕሉን ብቻ የሚሠራ ግራፊክስ ካርድ ለብቻው አለው። የእኛው ይህ የለውም፤ ሥዕል የሚሠራው ክፍል ከፕሮሰሰሩ ጋራ በአንድነት ተሠርቶ ራም የሚባለውን ማኅደር ከሌላው ሥራ ጋራ ይሻማል። ስለዚህ የኢንተርኔቱን ገጽ ሃያ ጊዜ ከፍቶ ትቶ ጨዋታ መጀመር በራስ ላይ ማክበድ ነው። ብዙ ራም ለጨዋታው በተሰጠ መጠን ይፈጥናል የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን ካለው 4 ጊጋባይት 3ቱን ለጨዋታው የሰጠ ሰው የቀረውን ኮምፒዩተር ያስርበዋል።

የሙቀቱ ነገር ደግሞ አሳፈረኝ። ፕሮሰሰር ከልክ በላይ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ልጆቹ ላፕቶፑን በአልጋ ላይ እያስቀመጡ የአየሩን ቀዳዳ ይደፍኑት ነበር፤ ይህ የእነርሱ ጥፋት ነው። በማራገቢያው ላይ የስድስት ዓመት አቧራ የተጠራቀመው ግን በማን ቸልተኝነት ነው? አቧራው ከተጠረገ በኋላ ልጁን ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ከዚያም አብረን ተቀመጥን። ጃቫ በሚባለው የማይንክራፍት ዐይነት ኤፍ 3 የተጻፈበት ቁልፍ ሲነካ በአንድ ሰከንድ ስንት ሥዕል እንደሚሠራ በስክሪኑ ጥግ ይታያል። መጀመሪያ 14 ነበር። ሁልጊዜ በአንድ ስፍራ እየቆምን፥ በአንድ ጊዜ አንድ ማስተካከያ ብቻ እየለወጥን ቍጥሩን በወረቀት ጻፍን፤ ሁለት ነገር ባንድነት የለወጠ ሰው የረዳው የትኛው እንደ ሆነ አያውቅምና። ሬንደር ዲስታንሱን 6 ስናደርገው ቍጥሩ ከ50 በላይ ወጣ።

በሌሎች ጨዋታዎች ሬዞሉሽን የሚባለው ይበልጥ ይረዳል። 1920 በ1080 የሆነው ሥዕል 2,073,600 ነጥብ አለው፤ 1280 በ720 የሆነው ግን 921,600 ብቻ፥ ማለት ከግማሽ በታች ነው። ለሚጫወቱት ሁሉ የጥላውንም ጥራት አስቀድሞ መቀነስ ይበጃል፤ ጥላ ብዙ ያሠራል፥ ቢጎድልም ብዙ ሰው አያስተውለውም። የጨዋታው ሻጭ ያስፈልጋል ብሎ ከጻፈው ዝቅተኛ ልክ በታች ለሆነ ኮምፒዩተር ግን ማስተካከያው ሁሉ እምብዛም አይጠቅመውምና፥ ጨዋታ ከመግዛት በፊት ያን ማንበብ ነው።

ልጁ ደስ ብሎት ሳለ ታናሽ እኅቱ ማልቀስ ጀመረች። በኮረብታ ላይ የሠራችው ግንብ ከቤቷ 150 ጡብ ያህል ይርቃል፤ 6 ቻንክ ደግሞ 96 ጡብ ብቻ ስለ ሆነ ግንቡ ከመስኮቷ ጠፋ። «አባባ፥ ግንቤን አፈረሱብኝ!» አለችኝ። አለመፍረሱን ባስረዳትም አልሰማችኝም። 10 ብናደርገው 160 ጡብ ይታያል፤ ሥራው ግን ወደ 441 ቻንክ ይወጣል። በለውጡ አንድ ነገር መተው ግድ ሆነ። ወንድሟም ጥቂት አሰበና ደመናውን አጠፋ፤ ግራፊክስ የሚባለውንም ከ«ፋንሲ» ወደ «ፋስት» አወረደ። በዚህ ጊዜ የዛፉ ቅጠል ብርሃን የማያሳልፍ ድፍን ይሆናል፤ እርሱ ደግሞ በቅጠሉ መካከል አሻግሮ ማየት ይወድ ነበር። «ግድ የለም፥ ግንቧን ትይ» አለ።

አሁን በሰከንድ 32 ሥዕል ይሠራል፤ ማራገቢያውም ድምፁ ዝቅ ብሏል። ይህንንም የጻፍሁት ልጆቹ ከተኙ በኋላ በዚያው ላፕቶፕ ነው።