ነፋስ የምንፈራ ሰዎች፣ አልጋ ውስጥ ነፋስ

ባለፈው እሁድ አንድ የድሮ ተማሪዬ ከሀዋሳ ደውሎ «ቲቸር፣ አልጋችሁ ውስጥ ማራገቢያ አስገባችሁ አሉ፤ እውነት ነው?» አለኝ። ወሬው ከሜሪላንድ ሀዋሳ ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም! አዎ፣ እውነት ነው። ሳቁብኝ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ባለቤቴ «ከጻፍክ አይቀር ሙሉውን ጻፈው፣ ለሌላ ሴት ይጠቅም ይሆናል» ስላለችኝ ሙሉውን እጽፈዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባለቤቴ ትነሳለች። የቁም ሳጥኑ በር ሲንሲያጠጥ እሰማለሁ፣ መልሼ እተኛለሁ። ለካ የሌሊት ልብሷን እየቀየረች ነው። ጠዋት ስነሳ ቴርሞስታቱ 64 ፋራናይት ላይ ወርዶ አገኘዋለሁ፤ በሴንቲግሬድ 18 መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ ብርዳም ነኝ። 72 አደርገዋለሁ። ማታ ታወርደዋለች። ጠዋት እሰቅለዋለሁ። አንድ ቃል ሳንነጋገር ለሳምንታት በግድግዳ ላይ ቁልፍ ተዋጋን ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ከዚያ አንድ ቀን ትራሷን ይዛ ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት ጀመረች። እኔም ተቀየምኩ። «ምን አጠፋሁ?» ብሎ መጠየቅ እያለ ዝም ብዬ ተቀየምኩ።

እሷ ግን የፈራችው ሌላ ነገር ነበር። ልጅ ሆና አክስቷ በቲቢ ስትሞት አይታለች። አክስቷ ሌሊት ሌሊት አንሶላው እስኪጨመቅ ያልባት ነበር። እና ይሄ የራሷ ላብ ሲጀምር ባለቤቴ በልቧ «ያው መጣ» ብላ ደመደመች። አራት ወር ለማንም አልተናገረችም። ሶፋው ላይ የሄደችውም እንዳይተላለፍብኝ ብላ ነው። እኔ እዚያ ኩርፊያዬን ታቅፌ ተኝቻለሁ።

በመጨረሻ ሐኪም ጋ ሄድን። የደረት ራጅ ተነሳች፣ ደም ሰጠች፣ እንቅርቷንም አዩላት። ሁሉም ደህና። ሐኪሟ «ማረጥ ነው» አለቻት። በቃ! ስንመለስ መኪና ውስጥ ተንሰቅስቃ አለቀሰች፤ ከደስታ ነው። እኔ ግን ከ26 ዓመት ትዳር በኋላ የምገባበት ቀዳዳ ጠፋኝ።

ስለ እርግዝና እናወራለን፣ ገንፎ እናገነፋለን፣ እልል እንላለን። ስለ ማረጥ ግን ጸጥ ነው። እናቶቻችን እሳት ሲነድባቸው በነጠላ ጫፍ ፊታቸውን እያራገቡ «ቤቱ ሞቀ» ብለው አለፉት። አሜሪካ ውስጥ ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. 2015 ላይ ወጥቶ ነበር። ትኩሳቱ ደጋግሞ የሚመጣባቸው ሴቶች ግማሾቹ ከ7 ዓመት በላይ ይቆይባቸዋል። ጥቁር ሴቶች ላይ ደግሞ ከሁሉም ይረዝማል፣ ወደ 10 ዓመት ይደርሳል። አስር ዓመት እንቅልፍ አጥቶ ሥራ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው አስቡት።

አሁን ወደ ነፋሱ።

ልቤን ያደማው መፍትሄው ድሮ እናንተን ያስተማርኩት መሆኑ ነው። እንስራ ትዝ ይላችኋል? «ለምንድን ነው የእንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘው?» ብዬ ጠይቄ ከኋላ ወንበር «ጥላ ውስጥ ስለሚቀመጥ!» ያለው ልጅ ዛሬ ኢንጂነር ነው፣ ስሙን አልጠራም። እንስራው ያልበዋል፣ ላቡ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። መርፌ ከመወጋታችሁ በፊት ክንዳችሁ ላይ የሚቀቡት አልኮል የሚቀዘቅዘውም ለዚሁ ነው። አንድ ግራም ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ጁል ይበቃል። ያንኑ አንድ ግራም ከቆዳ ላይ ወደ እንፋሎት ለመቀየር ግን 2,400 ጁል ገደማ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ሙቀት የሚሰጠው ገላችን ነው። ላብ ማለት እንግዲህ እግዜር የሰጠን ማቀዝቀዣ ነው፤ የሚሠራው ግን መትነን ከቻለ ብቻ ነው። ብርድ ልብስ ስር የታፈነ አየር በእንፋሎት ይጠግባል፣ ላቡ መሄጃ ያጣል፣ አንሶላው ይረጥባል፣ ከዚያ ትኩሳቱ ሲያልፍ ያው እርጥብ አንሶላ ያንቀጠቅጣል። ባለቤቴን ሌሊት ሁለት ሦስቴ የሚያስነሳት ይሄ ነበር።

ሌላም አለ። ሰውነታችን እንቅልፍ ሲወስደው የውስጥ ሙቀቱን ዝቅ ያደርጋል። ደሙን ወደ እጅና እግር ልኮ በቆዳ በኩል ያስወጣዋል። እዚያ ላይ ሙቀት የሚይዝ ስፖንጅ ፍራሽና ወፍራም ኮምፎርተር ስትጨምሩበት መውጫውን ዘጋችሁበት ማለት ነው።

ታዲያ ቤቱን በሙሉ ማቀዝቀዝ ለምን አስፈለገ? ሳሎን የተኛ የለም፣ ኩሽና የተኛ የለም። የቤት ኤሲ ከ2,000 ዋት በላይ ይበላል። አልጋ ውስጥ አየር የሚነፋው መሣሪያ ማራገቢያው ብቻ ሲሠራ ከ100 ዋት አያልፍም። ነገሩ የጫማ ካርቶን የሚያህል ሳጥን ነው፤ አልጋ ስር ይቀመጣል። ከሱ የሚወጣ ጎማ በግርጌ በኩል ወጥቶ ከላይኛው አንሶላ ስር የክፍሉን አየር ይነፋል። በቃ፣ ጋዝ የለው፣ ኮምፕረሰር የለው። ከታወቁት አንዱ፣ ቤድጄት የሚባለው፣ በጠፈርተኞች ልብስ ላይ የሠራ ኢንጂነር የጀመረው ነው። እ.ኤ.አ. 2015 በ«ሻርክ ታንክ» ቴሌቪዥን ቀርቦ ሀብታሞቹ አንድም ብር አንሰጥም ብለው መልሰውታል።

እኛም ሳንገዛ በፊት ሞከርን። ተራ ቬንትሌተር ግርጌ አቁመን ብርድ ልብሱን በካርቶን ከፍ አድርገን... ሌሊት ካርቶኑ ተናደ፣ እኔ በድንጋጤ ዘለልኩ፣ ባለቤቴ ከወራት በኋላ ከልቧ ሳቀች። ለዚያ ሳቅ ብቻ ዋጋ ነበረው።

ሕዝባችን ነፋስ እንደሚፈራ አውቃለሁ። ከመገናኛ ሳሪስ በሚሄድ ሚኒባስ አንዱ ሁለት ጣት ያህል መስኮት ሲከፍት «ልጄ፣ ነፋስ ልታስመታን ነው? ዝጋው እንጂ!» ሲባል ያልሰማ አለ? ብርድ መታኝ፣ ነፋስ መታኝ፣ ምች መታኝ። እህቴ በስልክ ስትሰማ «ሴትዮዋን ልትገድላት ነው!» ብላ ጮኸችብኝ። ግን ጉንፋን የሚያሲዘን ቫይረስ ነው። ባለቤቴ የፈራችው ቲቢም የሚወደው የተዘጋ ክፍል ነው፤ ጤና ባለሙያዎች መስኮት ክፈቱ የሚሉን በከንቱ አይደለም። ትውልድ ሲያስፈራራን የኖረው ነፋስ ስንት ጊዜ ወዳጃችን እንደነበር ሳስብ ይገርመኛል።

አሁን ደግሞ ሻጭ እንዳልመስል። ዋጋው ውድ ነው፣ ብዙ መቶ ዶላር። ድምፅ አለው፤ የመጀመሪያ ሌሊት አውሮፕላን ሊነሳ መስሎኝ ነበር። ማጣሪያው በየጊዜው ካልተጠረገ አቧራ ይነፋባችኋል። ኤሲ አይደለም፤ የሚነፋው ያንኑ የክፍሉን አየር ነው። ክፍሉ 22 ዲግሪ ከሆነ፣ ቆዳችን ወደ 33 ነውና፣ ግሩም ነው። የዚህ አገር ሐምሌ እርጥበት ባለበት ያለ ኤሲ ብዙም አይረዳ፣ ጋምቤላ ሙቀት ላይ ደግሞ ጭራሽ አታስቡት። ማሞቂያም አለው፣ ለኔ ዓይነቱ ብርዳም ደስ ይላል፤ ግን ስኳር ኖሮበት እግሩ የደነዘዘ ሰው እንዳይቃጠል ይጠንቀቅ። ማንም ደግሞ ከዚህ ተነስቶ የፀጉር ማድረቂያ ወይም ሂተር ብርድ ልብስ ስር እንዳይከት። እሳት ነው!

ማረጥንም አያክምም። ትኩሳቱ አሁንም ይመጣል፤ የቀረው መርጠቡና መንቀጥቀጡ ነው። መድኃኒት የሚያስፈልጋት አለች፣ እሱን ከሐኪም ጋር። እንዲያውም ሌሊት የሚያልበው ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ በተለይ ሳል ካለው ወይም ከከሳ፣ ማራገቢያ ከመግዛቱ በፊት ይመርመር። አራት ወር አይደብቅ።

አገር ቤት ያላችሁ «ቲቸር፣ ይሄን ከየት እናምጣው?» እንዳትሉኝ፣ አታምጡት። ጠፍር አልጋ የተኛ ሰው የስር አየሩን ያውቀዋል፤ በጠፍሩ መሀል ይገባል፣ ይወጣል። ጋቢ ጥጥ ነው፣ ይተነፍሳል። እኛ ግን እሱን ጥለን ናይለን ብርድ ልብስ ገዛን። ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ፍራሽ ገዝቶ ላስቲኩን ሳያወልቅ የሚተኛ ሰው ነው! አምና አዲስ አበባ ሄጄ ያረፍኩበት ቤት ፍራሹ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ላስቲኩ ግን እንዳለ አለ። ስገላበጥ ይንኮሻኮሻል፣ ጀርባዬ በላብ ተጣብቋል። «እንዳይቆሽሽ ነው» አለችኝ ባለቤቲቱ። ማን እንዳይቆሽሽ? ፍራሹ ነው የሚተኛው ወይስ ሰው? ዛሬውኑ ቅደዱት። ነፃ ነው።

እኛ ጋ ጎማው በባለቤቴ በኩል ነው የሚገባው። እኔ በወዲያኛው በኩል ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ካልሲዬን አድርጌ እተኛለሁ። ሶፋው ላይ አሁን የሚተኛው ድመቱ ነው። ቴርሞስታቱ 70 ላይ ነው፤ ከአምስት ወር ወዲህ ማንም አልነካውም።